የጓዳ ጥያቄና መልስ፦ የተፈጨ ሥጋና የቦሎቄ ካሴሮል

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ የተፈጨ ሥጋና ቀይ ቦሎቄ ተደባልቆ፣ ከላዩ ቺዝ ተነስንሶበት በኦቨን የሚጋገረውን ካሴሮል በጓደኞቻቸው ቤት ከቀመሱ ወዲህ «ካልሠራሽልን» እያሉ አስቸግረውኛል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ጥሬውን ሥጋ፣ ከጣሳ የወጣውን ቦሎቄና ቲማቲሙን በአንድ ትሪ ቀላቅዬ ለአንድ ሰዓት ኦቨን ውስጥ ባቆየው፣ ላዩ አርሮ፣ ውስጡ ውኃ ቋጥሮ፣ ሥጋውም በስብ ላይ ተንሳፎ ወጣ። በሁለተኛው ጊዜ የጣሳው ቦሎቄ ስላልጣመኝ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ገዝቼ ዘፍዝፌ አሳደርኩና፣ ስሎው ኩከር በሚባለው በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ከሥጋውና ከቲማቲሙ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ተውኩት። ቦሎቄው እንደ ጠጠር ሆኖ ቀረ፤ በልተን ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ትልቁ ልጄና እኔ ስናስመልስ አመሸን። ባለቤቴ «ይህን ተይና ወጥሽን ሥሪልን» ይለኛል። ጥፋቴ የት ላይ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ ከሁለተኛው ሙከራዎ እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያው ያበላሸው እራቱን ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ግን ጤናን የሚነካ ነውና። በጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይገኛል። ይህ ፕሮቲን በኃይለኛ ፍላት ካልጠፋ በስተቀር አራት ወይም አምስት ፍሬ ብቻ የበላ ሰው እንኳ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ሐኪም ሳያያችሁ ያመማችሁ ይኸው ነው ብዬ መደምደም አይገባኝም፤ ሆኖም የጻፉልኝ ሰዓትም ምልክትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስሎው ኩከር፣ በተለይ በዝቅተኛው ሙቀት ሲሠራ፣ ውስጡ ያለው ምግብ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ሳይደርስ ብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ለዘብተኛ ሙቀት ደግሞ መርዙን ከማጥፋት ይልቅ ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ደረቁን ቀይ ቦሎቄ ቢያንስ ለ5 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍዝፉት፤ የዘፈዘፉበትን ውኃ ይድፉት፤ በአዲስ ውኃ ጥደውም ለ30 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ። ይህም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሚመክረው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰው እስኪለሰልስ መቀቀል ይችላሉ፤ ስሎው ኩከርም ቢሆን ከዚህ በኋላ ጉዳት የለውም። የጣሳው ቦሎቄ በፋብሪካ ሲታሸግ በከፍተኛ ሙቀት የበሰለ በመሆኑ ይህ ሥጋት የለበትም፤ ያልጣመዎትም በአብዛኛው ከተቀመጠበት ጨዋማ ፈሳሽ የተነሣ ስለሆነ በወንፊት አጥልለው በቀዝቃዛ ውኃ ቢያለቀልቁት ብዙ ይሻሻላል።

ቀኑን ሙሉ ተጥዶ ለምን ጠጠር ሆነ ለሚለው ደግሞ፣ ከሙቀቱ ማነስ ሌላ ሁለተኛው ተጠያቂ ቲማቲሙ ነው። ኮምጣጣ ነገር የቦሎቄው ሥጋና ገለፈት እንዳይላላ ያደርጋል፤ ስለዚህ አንዱ ፍሬ በሁለት ጣት ሲጫኑት ሳይታገል የሚፈርስ እስኪሆን ድረስ ቲማቲም፣ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አጠገቡ አይድረስ። ጨው ግን ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ የኖረ ነው። የሚዘፈዘፍበት ውኃ ላይ ጥቂት ጨው ቢጨመር ገለፈቱ ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሙከራዎ ልመለስ። እዚያ ላይ የተሳሳቱት ኦቨኑ እንዲያበስልልዎ በመጠበቅዎ ነው። የተፈጨ ሥጋ ሲበስል ከክብደቱ ሩብ ያህሉን በውኃና በስብ መልክ ያወጣል፤ ጥልቅ ትሪ ውስጥ፣ በቦሎቄና በቲማቲም ተከቦ ሲበስል ይህ ሁሉ ፈሳሽ መሄጃ ስለሌለው እዚያው ይቀራል። ካሴሮል በምድጃ ላይ በስሎ፣ ውኃውን ጨርሶ፣ ጨውና ቅመሙ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ እርስ በርሱ እንዲያያዝና ላዩ እንዲቀላ ብቻ ኦቨን የሚገባ ምግብ ነው። ባለቤትዎ «ወጥሽን ሥሪልን» ሲሉ ሳያስቡት መፍትሔውን ነግረውዎታል፤ ምክንያቱም የዚህ ምግብ መሠረት እርስዎ ከልጅነትዎ የሚያውቁት ቁሌት ነው። ሽንኩርት ሳይቸኩሉ ማቁላላት፣ በርበሬን በስብ ማብሰል፣ መረቅ እስኪወፍር መታገሥ የሚችል ሰው ለዚህ ምግብ የሚጎድለው ጥቂት ነገር ነው።

ለስድስት ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፤ አንድ ፓውንድ ተኩል ወይም 680 ግራም ያህል የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ሁለት ጣሳ ቀይ ቦሎቄ (ደረቅ ከሆነ 200 ግራም ያህል ቀቅለው)፣ ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት፣ አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 400 ግራም የተፈጨ ቲማቲም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ አንድ ቃሪያና 150 ግራም ቺዝ። ሥጋውን ሲገዙ ማሸጊያው ላይ 80/20 ወይም 90/10 የሚሉ ቁጥሮች ያያሉ፤ ሁለተኛው ቁጥር የስቡ መጠን በመቶኛ ነው። እኔ 85/15 የሚለውን እመርጣለሁ፤ 93/7 የሆነው ቦሎቄ ሲጨመርበት ይደርቃል፣ 80/20 ደግሞ ስቡን ማጥለል ይጠይቃል። ያጠለሉትን ስብ እቃ ማጠቢያው ውስጥ እንዳይደፉት፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ይዘጋዋል። ባዶ ጣሳ ውስጥ አርግተው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት።

በወጥ የለመደ እጅ የሚሳሳተው ሥጋውን ቁሌቱ ላይ በመጨመር ነው። ለወጥ የተቆረጠ ሥጋ ይህን ይችላል፤ የተፈጨው ግን እርጥብ ሽንኩርት ላይ ሲያርፍ በገዛ ውኃው ተቀቅሎ ግራጫ ይሆናል፣ ጣዕምም አያወጣም። ስለዚህ ሰፊ መጥበሻ በደንብ ያግሉ፤ ሥጋውን በሁለት ዙር ይዘርጉት፤ አንዱ ጎኑ ቡናማ እስኪሆን ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉት፤ ከዚያ በማማሰያ ይፈርፍሩትና ያውጡት። በዚያው መጥበሻ፣ ሥጋው በተወው ስብ፣ ሽንኩርቱን ያቁላሉ፤ መጥበሻው ላይ የተጣበቀው ቡናማ ነገር በሽንኩርቱ ውኃ ተላቆ ከቁሌቱ ጋር ይዋሐዳል፤ የምግቡ ጣዕም እኩሌታው ያለውም እዚያ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ድልሁ ይከተላሉ፤ ድልሁ ከደማቅ ቀይነት ወደ ጡብ መልክ እስኪለወጥ ይጥበሱት። ከሙን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። በርበሬን በተመለከተ ልጆቹ የለመዱት የአሜሪካኑ ጣዕም ስለሆነ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይሻላል፤ ንጥር ቅቤና ኮረሪማን ግን ለወጥዎ እንዲያስቀምጡት እመክራለሁ፤ ከቺዝ ጋር ሲገናኙ ሁለቱም መልካም ነገሮች ይጣላሉ።

ቲማቲሙን፣ ሥጋውንና ቃሪያውን ጨምረው ለ15 ደቂቃ ያህል ሳይከድኑ ያንተክትኩት፤ ቦሎቄው እንዳይፈርስ መጨረሻ ላይ ይግባ። ኦቨን ለመግባት መድረሱን በአንድ ነገር ያውቁታል፤ ማማሰያውን በመጥበሻው ወለል ላይ መሐል ለመሐል ሲስቡ የተከፈተው መስመር ወዲያው በመረቅ ካልተሞላ ደርሷል። የሚሞላ ከሆነ ገና ነው፤ ኦቨኑ ያደርቅልኛል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ጨውን በዚህ ጊዜ ይቅመሱ፤ ቺዙም ጨዋማ መሆኑን አይርሱ።

በ23 በ33 ሴንቲ ሜትር ትሪ ይዘርጉትና አስቀድሞ በጋለ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በእርስዎ ኦቨን 375 ፋራናይት) ለ15 ደቂቃ ያለ ቺዝ ይግባ፤ ከዚያ ቺዙን ነስንሰው ለ8 ወይም ለ10 ደቂቃ ይመልሱት። ያረረብዎት ቺዝ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለተቀመጠ ነው። ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው ቺዝ እንዳይጣበቅ ስታርች የተቀባ በመሆኑ በደንብ አይቀልጥም፤ ድፍኑን ገዝቶ በቤት መፈቅፈቅ ይሻላል። ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ቢቆርሱት ተጠራቅሞ ይፈሳል፣ ሲያርፍ ግን እንደ ላዛኛ ተቆርሶ ይወጣል። ከላዩ ተቀቅሎ የተላመ ድንች ወይም የበቆሎ ዳቦ ሊጥ የሚያለብሱም አሉ፤ በሚኔሶታ የሚኖሩ አንባቢዎቻችንም የዚህን ዓይነቱን ምግብ ሆትዲሽ በሚል ስም ያውቁታል። ቴክሳስ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ የዚህ ካሴሮል ጣዕም የተወሰደበት፣ ቺሊ የሚባለው የሥጋና የበርበሬ ወጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የክፍለ ግዛቷ ምግብ ተብሎ የተሠየመ ሲሆን፣ ቦሎቄ ቢጨመርበት የሚቆጡ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ኦቨን የለኝም፤ ቦሎቄም ሦስት ሰዓት ተጥዶ በደንብ አይለሰልስልኝም። ይህን ምግብ በምድጃ ብቻ መሥራት ይቻላል? ቺዙንስ በአይብ መተካት እችላለሁ?

መልስ፦ ቦሎቄው የዘገየብዎት በእርስዎ ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የቱንም ያህል እሳት ቢጨምሩ ክፍት ድስት ከዚያ አያልፍም። ፕሬሸር ድስት ግን እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው፣ ተዘፍዝፎ ያደረ ቦሎቄ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይበስላል። ድስቱን ከግማሽ በላይ እንዳይሞሉት፤ ቦሎቄ አረፋ ስለሚያወጣ መተንፈሻውን ሊደፍነው ይችላል። ገበያ ላይ ቀዩን ይምረጡ። በስምጥ ሸለቆ በብዛት የሚመረተው ትንሹ ነጭ ቦሎቄ በአብዛኛው ለጣሳ ፋብሪካዎች ወደ ውጭ የሚላክ ሲሆን፣ በደቡብ የአገራችን ክፍል ለቤት ምግብ የሚወደደው ቀዩ ነው፤ መረቁም ወፈር ይላል። ያረጀ ቦሎቄ በምንም አይለሰልስም፤ ገለፈቱ የተጨማደደውንና የደበዘዘውን ይተዉት።

ኦቨን ባይኖርም ጉዳት የለውም፤ ከላይ እንዳልኩት ዋናው ሥራ የሚያልቀው በምድጃ ላይ ነው። ወፍራም ወለል ባለው መጥበሻ ይሥሩት፤ ሲወፍር እሳቱን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ አውርደው ቺዙን ይነስንሱና አምስት ደቂቃ ይክደኑት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለዎት ትሪውን ምጣዱ ላይ አድርገው በአክንባሎ መክደንም ይቻላል፤ ድፎ ዳቦ የሚችለውን ይህም ይችለዋል። ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሚመጣ ላዩ አይቀላም፣ የሚጎድለው ይኸው ብቻ ነው። አይብ ግን አይሆንም። አይብ የሚሠራው አሬራን በማሞቅ በመሆኑ በእሳት ላይ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም፤ በከተማችን የሚሸጠው ፕሮቮሎኔ ይሻላል። አይቡን ቀዝቃዛ እንደሆነ በየሳህኑ ጎን ቢያቀርቡት ግን፣ እኔ እንዲያውም ከቺዙ አስበልጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው። እሑድ የሠራሁት ትልቅ ትሪ ተርፎ ረቡዕ ጾም ስለሚገባበት ሐሙስ ለመብላት እፈራለሁ። ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ከበሰለ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ የገባ የሥጋና የቦሎቄ ምግብ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የእሑዱ ሐሙስ አራተኛ ቀኑ ስለሆነ ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የማደርገው እሑድ ማታውኑ ለሰኞና ለማክሰኞ የሚበቃውን ፍሪጅ ማስገባት፣ የቀረውን ለአንድ ጊዜ በሚበቃ ልክ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ፍሪዘር ማኖር ነው። ትልቁን ትሪ ትኩስ እንደሆነ ድፍኑን ፍሪጅ አያስገቡት፤ መሐሉ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ሲያሞቁ መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስና እስኪንፈቀፈቅ ይጠብቁ። ትሪዎ የመስታወት ከሆነ ከፍሪጅ አውጥተው በቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ እንዳያስገቡት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለረቡዕና ለዓርብ ደግሞ በሥጋው ፋንታ ተከትክቶ በዘይት የተጠበሰ እንጉዳይና ድፍን ምስር፣ በቺዙ ፋንታ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተላመ ድንች ያልብሱት። እንጉዳዩ እንደ ሥጋው ውኃ ስለሚያወጣ ድምፁ ከመፍላት ወደ መጥበስ እስኪለወጥ ድረስ ለብቻው ይጠበስ።