ጉልበት ሳለ የሚጀመር ሁለተኛ ሙያ

ውድ ልጆቼ፣

በሚኒያፖሊስ ከተማ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው 30 ዓመታት የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወቱ ብዙ ወጣቶች፣ የእኛ የሐበሻ ልጆችም ጭምር፣ ጉልበታቸውን ወይም ትከሻቸውን ተጎድተው ወደ እኔ መጥተዋል። ሁሉም አስቀድመው የሚጠይቁኝ መቼ ወደ ሜዳ እንደሚመለሱ ነው። ከሜዳው በኋላ ስለሚመጣው ዕድሜ ግን እኔም ብዙ ዘመን ሳላነሳላቸው ቆየሁ። ስለዚህ ዛሬ በዚሁ በሚኒሶታ ግዛት የኖረውን፣ የፉትቦል ተጫዋች የነበረውን የአለን ፔጅን ነገር ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፔጅ በ1945 በኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ ተወለደ። ከኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣ፣ በ1967 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ የተባለው ክለብ፣ ክለቦች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት በመጀመሪያው ዙር መረጠው። ቦታው ዲፌንሲቭ ታክል ነበር፤ በመከላከል መስመሩ መካከል ጎንበስ ብሎ፣ እጁን መሬት ላይ አስደግፎ፣ ኳሷ ስትንቀሳቀስ ከፊቱ የቆመውን ግዙፍ ሰው አልፎ ኳርተርባኩን፣ ማለትም የተጋጣሚውን ማጥቃት የሚመራውንና ኳሷን የሚወረውረውን ተጫዋች፣ መጣል ሥራው ነው። ብዙዎች በዚህ ቦታ በክብደታቸው ሲጫወቱ፣ እርሱ በመጀመሪያዋ እርምጃው ፍጥነት ያሸንፍ ነበር። በ1971 አሶሽየትድ ፕሬስ በተባለው የዜና ወኪል ምርጫ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከመከላከል ወገን ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በ15 የውድድር ዘመናት 218 ጨዋታዎችን አንድም ሳያጓድል ተሰልፏል፤ የሰው መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደሚችል የማውቅ ሰው ስለሆንሁ ይህ ቁጥር ከሽልማቱ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ተጫዋቾች ኳርተርባክን ስንት ጊዜ እንደ ጣሉ ሊጉ በይፋ መቁጠር የጀመረው ግን በ1982፣ ፔጅ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ነው። ዋነኛው የልፋቱ ፍሬ በይፋዊው መዝገብ ላይ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፔጅ ገና ወጣት ተጫዋች ሳለ የሕግ ትምህርት ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትቶት ነበር። በ1975፣ ስሙ በገነነበትና ደመወዙ በማይቋረጥበት ሰዓት፣ ማንም ሳያስገድደው ተመልሶ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ፤ እየተጫወተም በ1978 ተመረቀ። በዚያው ዓመት፣ የውድድሩ ዘመን ሳይጋመስ፣ ረጅም ርቀት መሮጥ ስለ ለመደና ክብደቱ ስለ ቀነሰ ክለቡ አሰናበተው። ቺካጎ ቤርስ የተባለው ሌላ ክለብ የወሰደው በ100 ዶላር ነው። ያን ያህል ያገለገለ ሰው በዚህ ዋጋ ሲሸኝ ምን እንደሚሰማው አስቡት፤ ነገር ግን በዚያ ቀን የሕግ ዲግሪው በእጁ ነበር። እስከ 1981 ተጫወተ፣ ከዚያም በጥብቅና ሠራ፤ በ1992 በሕዝብ ድምፅ ለሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመረጠ። የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ 70 ዓመት እስኪሞላው፣ እስከ 2015 ድረስ በዚያ ወንበር ተቀምጧል።

ፎቶግራፉን ስታገኙ እጁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ትንሿ ጣቱ በጨዋታ ዘመኑ ከመገጣጠሚያዋ ወጥታ፣ ወደ ጎን ታጥፋ እንደ ቀረች ነች። በጥቁሩ የዳኝነት ካባ ውስጥ ያለችው ያቺው ጣት ነበረች።

ይህን የምጽፈው ራሴ ስለ በደልሁም ነው። ከዓመታት በፊት የ17 ዓመት የመከላከል ተጫዋች የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ መጣ። ዘጠኝ ወር አብረን ደከምን፤ ጉልበቱ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ በየሳምንቱ እየለካሁ እጽፍ ነበር። ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ጉልበቱ ዳነ፤ ነገር ግን ውጤቱ ወድቆ ኖሮ ኮሌጅ ሳይገባ ቀረ፣ በቡድንም ዳግመኛ አልተሰለፈም። እናቱ ሊያመሰግኑኝ ሲመጡ ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱ አልቆ በረዶ ጉልበታቸው ላይ በሚቀመጥበት 15 ደቂቃ ስልካቸውን ተቀብዬ የትምህርት መጽሐፋቸውን እንዲከፍቱ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ። በረዶው ከተነሳም በኋላ የጀመሩትን ገጽ ሳይጨርሱ ከአልጋው የማይወርዱ ልጆች ግን አሉኝ።