ገንዘቡን አትከፋፍሉት፣ አስመዝግቡት

ሰላም እህቴ። ከእናትሽና ከልጆችሽ ጋር ከደለስ ወደ አዲስ አበባ 14,000 ዶላር ይዛችሁ ልትሄዱ ነው። «ተከፋፍለን ብንይዘውስ? ፍተሻ ላይ ይወስዱብን ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል።

መከፋፈሉን ተይው። አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ ገንዘቡ አንድ ላይ ነው የሚቆጠረው። ላለማሳወቅ ብሎ መበተን ራሱ ወንጀል ነው፣ ገንዘቡም ሊወረስ ይችላል። እውነቱን ካልን ግን ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ከአሜሪካ መውጣት አልተከለከለም፣ ቀረጥም የለውም። ማሳወቅ ብቻ ነው። ፊንሰን 105 የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ሙሉት፣ ወይም ከመሳፈራችሁ በፊት ለጉምሩክ ስጡ። ሰዓት ተርፏችሁ ድረሱ።

እኔ የእቁብ ዕጣ ደርሶኝ 12,000 ዶላር ይዤ ሄጃለሁ። እቁብ ደረሰኝ የለውም፣ ስለዚህ ሰብሳቢያችን ፈርሞ ወረቀት ሰጠኝ። የጉምሩኩ ሰውዬ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ፣ ወረቀቱን አሳየሁት፣ አለቀ።

ያመመኝ የደህንነት ፍተሻው ነው። ፈታሿ ፖስታውን ከቦርሳዬ አውጥታ ጮክ ብላ «ይሄ ሁሉ ስንት ነው?» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ አየኝ። እስከ ቦሌ ድረስ ቦርሳዬን አቅፌ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። «ለብቻ ክፍል ውስጥ ይፈተሽልኝ» ማለት እንደሚቻል ያኔ አላውቅም ነበር። አብሮሽ የሚገባ ሰው መምረጥም ትችያለሽ። እናትሽ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ከሆነ ይህቺን የለብቻ ፍተሻ ጥያቄ በእንግሊዝኛ በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው። ሰው ፊት ገንዘብ አይቆጠርም!

ፈታሾቹ የሚፈልጉት መሣሪያና ፈንጂ ነው። በ2009 ሴንት ሉዊስ ላይ 4,700 ዶላር ገደማ የያዘ ተጓዥ ስለ ገንዘቡ ተይዞ ተጠይቆ ነበር። ክስ መሠረተ፣ በዚያው ዓመትም ፍተሻው ለበረራ ደህንነት ብቻ እንዲሆን መመሪያው ተስተካከለ። ቢሆንም ከተጠራጠሩ ፖሊስ መጥራት ይችላሉ። ፖሊስ ደግሞ ክስ ሳይመሠርትም ገንዘብ ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ነው ከባንክ ያወጣችሁበት ወረቀት ከገንዘቡ ጋር ይሁን የምልሽ። በጭነት ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አታስገቡት።

ቦሌ ስትደርሱም የሚያስመዘግበው መጠን ስንት እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ቅጹ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። ወንድሞችሽ ያዋጡት ካለበት የእነሱንም ስም ጻፉ።