ቴዎድሮስ አደባባይ ስትቆሙ መድፏን ብቻ አትዩ

ልጆቼ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለችውን መድፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ አጠገቧ ታክሲ ትጠብቃላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። እሷ ቅጂ ናት፣ ዋናዋ ሴባስቶፖል እስካሁን መቅደላ አምባ ላይ ነው ያለችው። እኔ 41 ዓመት በብረት ሥራ ነው የኖርኩት፣ መጀመሪያ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ቆሜ፣ ኋላ ደግሞ ተምሬ በኢንጂነርነት፣ እና ያቺን መድፍ ባየሁ ቁጥር ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ። ስለ ቅኝ ግዛት ስታወሩ ማን ጀግና ነበር ማን ከዳ ትላላችሁ፣ ደግ፣ ግን ጠመንጃውን ማን ሠራው፣ በምን ማሽን ሠራው፣ ሲሰበርስ ማን ይጠግነዋል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ብዙም አላጋጠመኝም።

አፄ ቴዎድሮስ ይሄን የጠየቁ ሰው ናቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየርን መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው ሰዎቹ ሚስዮናውያን ናቸው፣ መድፍ ሠርተው አያውቁም። ማቅለጥ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሞልዱ፣ ማለት የቀለጠው የሚፈስበት ቅርጽ፣ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ከቀረ የቀለጠው ነገር ሲነካው ፊትህ ላይ ይፈነዳል፣ ማፍሰሱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ የመጀመሪያው ይቀዘቅዝና ከሁለተኛው ጋር አይያያዝም፣ ከውጭ ደህና ይመስላል ውስጡ ግን ስንጥቅ ነው። እንግዲህ ያለ ፋብሪካ፣ ያለ ልምድ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሞልድ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ንጉሡም አንድ መድፍ እንደማይበቃ ገብቷቸው ነበር፣ ለዚህ ነው ወደ እንግሊዝ ሰው ልከው ባለሙያና ማሽን የጠየቁት። ባለሙያዎቹና ማሽኑ ምጽዋ ድረስ መጡ፣ ንጉሡ ያሰሯቸው የእንግሊዝ ቆንስላና ሌሎች አውሮፓውያን ካልተፈቱ አይገቡም ተባለ፣ እዛው ቆይተው ተመለሱ። ሰዎቹን አስሮ መያዙ ትልቅ ስህተት ነበር እላለሁ፣ ግን የዛ ማሽን መመለስ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

በምትኩ በ1860 ዓ.ም እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ነው። ከቦምቤይ ተነስቶ 13,000 ወታደር፣ 44 ዝሆን፣ ስፍር ቁጥር የሌለው በቅሎ ይዞ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። ወደብ ሠራ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ጎተተ፣ የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረ መርከቦቹ በእንፋሎት ማሽናቸው የባሕሩን ውሃ እያጣሩ ሰውና ከብት አጠጡ። በዛው ሰሞን እኛ ጋ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ እያስጠረጉ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ይጎትቱ ነበር፣ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። እንግሊዞቹ ሲጨርሱ ሐዲዱን እንኳን ነቅለው ነው የሄዱት።

መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ሜዳ በስቅለት ዕለት የሆነውን ጦርነት ታውቃላችሁ። የእኛ ሰው ባሩድና ጥይት ከአፈሙዝ እየጠቀጠቀ ሲተኩስ እነሱ ስናይደር የሚባል ጠመንጃ ይዘው በደቂቃ እስከ 10 ይተኩሳሉ። ስናይደር ግን መጀመሪያ አዲስ ጠመንጃ አልነበረም እኮ! ድሮ የነበራቸውን ከአፈሙዝ የሚጎርስ ኤንፊልድ ጠመንጃ የኋላውን ቆርጠው ከኋላ የሚጎርስ ክዳን ገጠሙለት፣ በቃ። ይሄን በብዙ ሺህ ጠመንጃ ላይ ማድረግ የቻሉት የኤንፊልድ ፋብሪካ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ ማሽን አስመጥቶ ሁሉንም እቃ በአንድ ልክ ማውጣት ስለጀመረ ነው፣ የአንዱ ጠመንጃ ብሎን ሌላው ላይ ይገባል። መቅደላን የሰበረው ያ አንድ ዓይነት መለኪያ ነው። ከጀርባው ደግሞ የሕንድ ገበሬ አለ፣ የሕንድ ወታደሮቹ መደበኛ ደሞዝ የተከፈለው ከሕንድ ግምጃ ቤት ነበር፣ ሕንዱ በማያውቀው ጦርነት ከኪሱ ከፈለ።

ከዛ በኋላ ያለው በፍጥነት ነው የመጣው። የእንፋሎት መርከብ ከሰል ካልሞላ አይሄድም፣ ስለዚህ ከሰል ማራገፊያ ወደብ ሁሉ ይፈለጋል፣ እንግሊዝ ኤደንን በ1839 ይዛ ነበር፣ ስዊዝ በ1869 ሲከፈት በዛው ዓመት የጣልያኑ የሩባቲኖ መርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ (እነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዛች መሬት የጀመረው ነው አድዋ ድረስ ያመጣን። አድዋ ኩራቴ ነው፣ ሁሌም፣ ግን ጠመንጃው ከውጭ የተገዛ ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም መሣሪያ አንሸጥም አሉ፣ ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ አልነበረንም። እንዲህ ያለ እኩልነት አለ።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ታሪክ ስታነቡ እቃውን ተከተሉ፣ ከሰሉን፣ ብሎኑን፣ ደሞዝ የከፈለውን ሰው። ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ማሽን ሲገዛ ድሮዊንጉ (ልኩ የተጻፈበት ንድፍ) የታለ በሉ፣ መለካት ተማሩ።

ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ወጣት ሆኜ የምሠራበት ፋብሪካ መዳፍ የምታክል አንዲት ጊር (ባለ ጥርስ ማርሽ) ተሰብራ ሰባት ወር ቆሟል፣ ማሽኑን የሸጠልን ድርጅት ድሮዊንግ አልሰጠንም፣ መለዋወጫውም አልመጣም። አንድ ሽማግሌ ቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ፣ የተሰበረችውን ለክተን እንሥራት አሉ። ሠራናት፣ በሦስት ሳምንት ጥርሷ አለቀ። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንደዛው፣ ቅርጿ ልክ ነው ብረቱ ግን ለስላሳ ነው። አራተኛዋን ላይዋ እንዲጠነክር ከሰልና የአጥንት ዱቄት ሳጥን ውስጥ ቀብረናት ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ አደረች፣ ጠዋት ቀይ እንደሆነች ዘይት ውስጥ ነከርናት። ጋሼ ጠርገዋት ጥርሷ ላይ ሞረድ ሳቡ። የበፊቶቹን ሞረዱ ይበላቸው ነበር፣ ይቺን ግን እንደ መስታወት ተንሸራቶ አለፋት። ምንም አላሉም፣ ሞረዱን አቀበሉኝና "በል አንተም ሞክረው" አሉኝ።