ከጀርባችን ሰፈር ሊሠራ ነው፤ ፕላኑ ላይ ምን እንይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ከቤታችሁ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት 40 ቤቶች ሊሠሩ ነው፣ መግቢያቸው በእናንተው ጠባብ መንገድ ነው፣ አስተያየት ስጡ ተብላችኋል። የሽንሻኖ ፕላን (መሬቱ ለቤትና ለመንገድ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሳየውን) መመርመር ለዓመታት ሥራዬ ስለነበር የማውቀውን ልበል።

«ሰፈራችን ይበላሻል» የሚለውን እቤት ትታችሁት ሂዱ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው፤ ፕላኑን የሚገመግመው ባለሙያ ግን ምንም ሊያደርግበት አይችልም። የሚለካ ነገር ያዙ።

ከሁሉ በፊት መግቢያውን እዩ። በአሜሪካ የትራፊክ ስሌት አንድ ራሱን የቻለ ቤት በቀን ወደ 10 የሚጠጋ የመኪና ጉዞ ያመጣል። ወጥቶ መመለስ እንደ ሁለት ይቆጠራል። 40 ቤት ማለት 400 ገደማ ነው። እዚያው አገር በሰፊው የሚሠራበት «ዓለም አቀፍ የእሳት ደንብ» ደግሞ በአባሪው ከ30 በላይ ቤት ላለው ሰፈር ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ይጠይቃል፤ ቤቶቹ እሳት ሲነሳ በራሱ የሚሠራ የውኃ መርጫ ከተገጠመላቸው ያላላል። የእሳት አደጋ መኪና መንገድ ቢያንስ 6 ሜትር ይስፋ፣ ከ45 ሜትር በላይ ገብቶ የሚዘጋ ከሆነም መዞሪያ ይኑረው ይላል። እናንተ ጋ የሚሠራው ቁጥር ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከደንባችሁ ጋር አመሳክሩ።

አንድ ተንኮል አለ። «ሁለት መግቢያ አለው» ይሉና ሁለቱን ጎን ለጎን ይስሏቸዋል። አንድ ዛፍ ቢወድቅ ሁለቱም ይዘጋሉ! ያ አባሪ በመግቢያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የቦታውን ረጅሙን ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውን መስመር) ግማሽ ያህል እንዲሆን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። መግቢያው በሚከፈትበት ቦታም ሄዳችሁ ቁሙ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና አይቶ ለመቆም 65 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ኩርባ ወይም አጥር ይህን ከከለለ ፎቶ አንሱት።

ብዙ ጎረቤት አይወደውም እንጂ፣ አዲሱ መንገድ ከሌላ ሰፈር ጋር እንዳይገናኝ አትከራከሩ። ካልተገናኘ መኪናው ሁሉ በእናንተ በር ነው የሚያልፈው።

ከሰፈሩ ጋር መጣጣሙን ደግሞ አጥራችሁ ላይ ፈልጉት። አማካይ የቦታ ስፋት አያታልላችሁ። ትልልቆቹ ቦታዎች መሃል ሆነው ትንንሾቹ በእናንተ ድንበር ተደርድረው ይሆናል። የእናንተን አጥር ስንት ቤት ይጋራዋል? ስንት ፎቅ ነው? መሬቱ በአፈር ይሞላል ወይ? አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ከተደረገ ባለ አንድ ፎቁ ቤት ግቢያችሁን ቁልቁል ያያል። ጎርፉም ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ የከፍታ መስመሮቹንና የውኃ መውረጃውን የሚያሳየውን ሉህ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለስብሰባ የሚቀርበው ባለ ቀለሙ ሥዕል ብቻ ነው።

አልሚው ስብሰባው ላይ «እናስተካክላለን» ካለ ፕላኑ ላይ እንደ ቅድመ ሁኔታ ይጻፍ በሉ፤ የግንባታ መኪኖች በየት በኩል እንደሚገቡም ጭምር። ያንን የከፍታና የውኃ መውረጃ ሉህ ካገኛችሁ እዚህ ለጥፉት፣ አብረን እናየዋለን።