የተፎካካሪን የንግድ ምስጢር ማወቅ እስከ የት ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ አሽጌ አከፋፍላለሁ። የተፎካካሪዬ ሠራተኛ የነበረ ሰው የቅመም መጠኑንና የደንበኞቹን ዝርዝር የያዘ ደብተር ይዤ ልምጣና ቅጠሪኝ ብሎኛል። ብቀበለው ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሰውየውን መቅጠርዎ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በሥራ ላይ ያካበተው ሙያም የራሱ ነው። ደብተሩን ግን ፈጽሞ አይቀበሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሌላውን ነጋዴ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ከመልካም የንግድ አሠራር ውጪ መግለጽን ብቻ ሳይሆን መያዝንና መጠቀምንም ተገቢ ካልሆኑ የውድድር ተግባሮች ስለሚቆጥር፣ ደብተሩን መሳቢያዎ ውስጥ ማስቀመጥዎ ብቻ ሊያስከስስዎ ይችላል። «እኔ አልሰረቅሁም፣ እሱ ነው ያመጣው» የሚለው መከራከሪያ፣ ከየት እንደመጣ እያወቁ ለተቀበሉት ሰው እምብዛም አይጠቅምም። ሠራተኛውም በአደራ ያወቀውን ምስጢር በማውጣቱ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ለእሱም ቢሆን ማዘን ይገባል።

የተፎካካሪዎን ሽሮ እንደማንኛውም ሸማች ከሱቅ ገዝተው መቅመስ፣ ማስመርመርና በራስዎ ሙከራ የተሻለ ማዘጋጀት ግን ሐቀኛ ውድድር ነው፤ ዋጋውን፣ ማስታወቂያውንና በማሸጊያው ላይ የሰፈረውን ማጥናትም እንዲሁ። ሰውየውን ከቀጠሩት፣ ከቀድሞ አሠሪው ምንም ሰነድ እንዳላመጣ በቅጥር ውሉ ላይ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎት፤ ከቀድሞ አሠሪው ጋር የተፈራረመው የምስጢር ግዴታ ካለም ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት።