የጣሪያ መስኮታችን ያፈሳል፤ እናስጠግነው ወይስ እንቀይረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሳሎናችን ላይ ባለ ሁለት ድርብ መስታወት የጣሪያ መስኮት አለ፣ ዕድሜው ወደ 20 ዓመት ይጠጋል። ሲዘንብ በአንድ ጥጉ ውሃ ያንጠባጥባል። መስታወቱም ጭጋግ ለብሷል፣ ብንወለውለው አይለቅም። አንዱ ባለሙያ «ሲሊኮን ይበቃዋል» አለን፣ ሌላው «ነቅላችሁ ጣሉት» ይላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ለጊዜው ማንንም። ያላችሁ ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፣ ባለሙያዎቹ ግን አንድ አድርገውታል።

ከሚንጠባጠበው እንጀምር። ውሃ በጣሪያው እንጨት ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ስለሚወርድ፣ የረጠበው ጥግ የገባበት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመስታወቱ ሳይሆን መስኮቱን ከጣሪያው ክዳን ጋር የሚያገናኘው ዙሪያ ላሜራ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ጣሪያ መውጣት የለመደ ሰው በጎማ ውሃ ያፍስስበት፣ አንዳችሁ ደግሞ ከውስጥ ሆናችሁ ተመልከቱ። ከመስኮቱ በታች ካለው ክዳን ይጀምር፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ፣ ከዚያ ወደ ጎኖቹ፣ ቀጥሎ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይሂድ፣ መስታወቱን መጨረሻ ላይ ያርጥበው፤ ከላይ ከጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ ምንም አታውቁም። ላሜራው ከሆነ ዕዳው ገብስ ነው፣ እሱ ብቻ ይሠራል። አንዳንዴማ ከላይ በኩል የተከማቸ ቅጠል ውሃ አግዶ ነው፣ መጥረግ ይበቃል።

ሲሊኮኑን እርሱት። ከጊዜ በኋላ ይለቃል፣ ይባስ ብሎ ፍሬሙ ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ሊደፍን ይችላል።

ጭጋጉ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መስታወቶች መሀል ከሆነ ዙሪያውን ያሸገው ማጣበቂያ ለቋል፣ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ወደ ቤት ውሃ አያወርድም፣ ግን ሙቀትና ብርድ እንደ ድሮው አይከላከልም፣ በጽዳትም አይመለስም። ፍሬሙ ጤነኛ ከሆነና ልኩ ከተገኘ መስታወቱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል።

አሁን ፍርዱ። በፍሬሙ ዙሪያ ያለውን እንጨት በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን አድርጉት። ከሰመጠ በስብሷል፣ ክርክሩ አብቅቷል፣ ይቀየር። ጠንካራ ከሆነም እንኳ 20 ዓመት የተጠጋው፣ የሚያፈስና ጭጋግ የያዘ መስኮት ላይ ላሜራም መስታወትም ለየብቻ ከማስጠገን መቀየሩን እመርጣለሁ፣ በተለይ የጣሪያውን ክዳን በቅርቡ ልታድሱ ካሰባችሁ፣ ምክንያቱም ላሜራው ከክዳኑ ጋር ተጠላልፎ ስለሚገባ ሁለቱን ለየብቻ መሥራት አንዱን ሥራ ሁለቴ መክፈል ነው።

ስትቀይሩ የድሮው ላሜራ ላይ አዲስ መስኮት እንዲጭኑላችሁ አትፍቀዱ። የውስጠኛው መስታወት ደግሞ በመሀሉ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ይሁን፣ ቢሰበር ስባሪው እዚያው ይያዛል እንጂ ሰው ላይ አይወርድም። ልኩን ከድሮው ጋር እኩል አድርጉት፣ ጣሪያ እንደገና መቁረጥ አይኖርም።