ቦክሱን ገና እንዳታዢ

«ቱጌዘርን ጨረስኩ፣ ቀጥሎ ምን ልይ? ቦክሱንስ ከባንኮክ ላስመጣው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ለማያውቅ ሰው፣ ቱጌዘር ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት የታይላንድ ድራማ ነው፣ ከታች የምጠራቸውም ሁሉ እንዲሁ፤ ቦክሱ ደግሞ የድራማው ዲስክ ከነፖስተሩ የሚሸጥበት ሣጥን ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁሉም ይመልስልሻል። በሁለተኛው የተቃጠልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። አንቺም እንደኔ ጀርመን ሆነሽ፣ ከማታ ፈረቃ ገብተሽ ጫማሽን ሳታወልቂ ስልክሽን የምትከፍቺ ሰው ነሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ቱጌዘርን እኔም በፈረንጆቹ 2020 ሁላችንም ቤት በተዘጋብን ሰሞን ነው ያየሁት። 13 ክፍል በሁለት ሌሊት። በኋላ ተመልሼ ሳየው ግን ከመሀል ጀምሮ ታሪኩ ይልፈሰፈሳል። ይዞን የነበረው ታሪኩ ሳይሆን ሁለቱ ተዋናይ ልጆች ናቸው። ይሄ ቶሎ ከገባሽ ብዙ ዩሮ ይተርፍሻል።

2. አሁን ታይላንድን ትንሽ ተይና ጃፓን ሂጂ። ቼሪ ማጂክ። 12 ክፍል ነው፣ አንዱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አዳቺ የሚባል የቢሮ ሠራተኛ ከማንም ጋር ሳይተኛ 30 ዓመት ይደፍንና የነካውን ሰው ሐሳብ መስማት ይጀምራል። ከዚያ በተጨናነቀ ሊፍት ውስጥ ኩሮሳዋን ይነካዋል፣ ቢሮው ሁሉ የሚያደንቀውን ቆንጆ ልጅ፣ ለካ የልጁ ሐሳብ በሙሉ ስለ እሱ ነው። የገረመኝ ያ ሁሉ የተሟላለት ሰው ውስጥ ውስጡን ከአዳቺ በላይ ፈሪ መሆኑ። መጨረሻው ላይ ሊሳሳሙ ሲሉ የሊፍቱ በር ይዘጋል፣ በዚህ ስንቱ ተናደደ መሰለሽ! እኔ ግን ተመችቶኛል። ሊፍት ጀምሮ ሊፍት ጨረሰው።

ከኮሪያ ሴማንቲክ ኤረርን እይ፣ 2022 የወጣ፣ 8 ክፍል። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐበሻ ሁሉ ይገባዋል። በግሩፕ አሳይመንት ምንም ሳይሠሩ ስማቸውን ብቻ የሚያስገቡትን ታውቂያቸዋለሽ አይደል? ሳንግዉ ስማቸውን አውጥቶ ያስረክባል። በዚህ ሰበብ አንዱ፣ የዲዛይን ተማሪው፣ ምርቃቱ ይቀርበታል፣ ከዚያ ጦርነት ነው። እኔ ያን ድፍረት ባገኝ ኖሮ ስንቱን አላስመርቅም ነበር።

ወደ ታይላንድ ስትመለሺ ባድ ባዲን አስቀድሚ። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ቤተሰቦቻቸው በንግድም በኩርፊያም የተጣሉ፣ ልጆቹ ግን በመስኮት ይተያያሉ። ከዚያ አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ፣ ፉኬት ላይ የተቀረጸ፣ 5 ክፍል ብቻ። ለኔ ከሁሉም በላይ ይሄኛው ነው። ቻይንኛ እያጠኑ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚፎካከሩ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ቅናቱና ፍቅሩ አይለይም። ሶተስን ለታሪካዊነቱ ብለሽ እይው፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ድራማ፣ 2016 ነው፣ ከሱ በኋላ ታይላንድ ውስጥ ኢንጂነሪንግ የማይማር ወንድ የጠፋ እስኪመስልሽ ድረስ ሁሉም ገልብጦታል። ሲኒየሮቹ አዲስ ተማሪ ሲያንገላቱ ማየት ግን ዛሬ ያበሳጨኛል። ደግሞ እምቢ ያለውን ሰው እየገፉ «ፍቅር ነው» የሚሉትን የድሮ ታይ ድራማዎች ማንም ቢመክርሽ እለፊያቸው። እኔ ሁለቱን ጀምሬ አቁሜአለሁ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ታይኛው ላይ «ፒ» ሲሉ ለታላቅ ነው፣ «ኖንግ» ለታናሽ። ከሥር የሚወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ጽሑፍ ይሄን አብዛኛውን ጊዜ ይውጠዋል፣ ፈረንጅ ጓደኞቼ አይገባቸውም። እኛ ግን ጋሼ፣ እትዬ እያልን ነው ያደግነው። «ፒ» የሚለው ልጅ አንድ ቀን ሲተወው፣ እርስዎ ሲል የኖረ ሰው ድንገት አንተ እንዳለ ነው። ጆሮሽን ጣይ፣ ከመሳሳሙ በላይ ነው።

3. ቻይና። እዚህ ልብሽን ከመስጠትሽ በፊት ያለቀ መሆኑን አረጋግጪ። አዲክትድ 2016 ላይ ሳያልቅ ከቻይና ድረ ገጾች ወርዷል። ዘ አንቴምድ ደግሞ 50 ክፍል ሙሉ ወጥቷል፣ ግን የተወሰደበት ልብወለድ ውስጥ ያለው የሁለቱ ወንዶች ፍቅር ወንድማማችነት ሆኖ ነው የቀረበው። ሰሙ ወንድማማች፣ ወርቁን ከዓይናቸው ታነቢዋለሽ። ከ2021 መስከረም ወዲህ ደግሞ ባለሥልጣናቱ እንዲህ ያለውን መንገድ ሁሉ ዘጉት። እኔ ይሄን ሳንሱር ስሰድብ ነበር የኖርኩት፣ አንድ ቀን ራሴው እስካደርገው ድረስ።

እሱ ነው እንግዲህ የቦክሱ ታሪክ። ስማቸውን አልጠራም፣ በድራማ ፍቅረኛ ሆነው አብረው የሚተውኑ አንድ ጥንድ ልጆች ይዘውኝ ነበር። ቃለ መጠይቅ፣ ቀጥታ ስርጭት፣ ማስታወቂያ ሳይቀር አያለሁ። 95 ዩሮ ከፍዬ ቦክሱን አዘዝኩ፣ ፖስተርና ፎቶ ካርድ ያለበትን። ድሮ እስከ 22 ዩሮ ያለው ዕቃ ከግብር ነጻ ይገባ ነበር፣ ከሐምሌ 2021 ወዲህ ያ ቀርቷል፣ እዚህ 19 በመቶ ትከፍያለሽ። ይሁን። ችግሩ ብሩ አይደለም፣ ደብዳቤ መጣ፣ ጉምሩክ ሄደሽ ራስሽ አውጪ የሚል። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ፣ ደረሰኙን በስልኬ አሳየሁት። ሰውዬው ስልኩን ሳያየው «ይሄ ወረቀት አይደለም» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። በቃ። ሌላ ቀን፣ ሌላ ፈቃድ፣ አትሜ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ሣጥኑን እዚያው ባንኮኒው ላይ ክፈቺ አለኝ። ፖስተሩን ራሱ ዘረጋው። ሁለት ልጆች ግንባር ለግንባር ተነካክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአልጋ አንሶላ የሚያህል!

ዞር ስል ከኋላዬ የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ጋሼ። «አይዞሽ ልጄ፣ ላስተርጉምልሽ?» ብለው ጠጋ አሉ። ፖስተሩን አዩት። አዩት፣ አዩት። «ወንድማማቾች ናቸው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ዘፋኞች ናቸው» አልኩ። የቻይና ሳንሱር 50 ክፍል የፈጀበትን በአንድ ቃል ጨረስኩት።

ቤት ገብቼ ዲስኩን ከተትኩት። እምቢ አለ። ዲስክ ለካ በየአካባቢው «ሪጅን» ተብሎ ተከፋፍሎ ነው የሚሠራው፣ ታይላንድ ሪጅን 3 ናት፣ እኛ አውሮፓ ሪጅን 2 ነን፣ ማጫወቻዬ አያነበውም። ደግሞ ጀርባውን በደንብ ሳየው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የለውም። ድራማውን ራሱ በዩቲዩብ ከሠራው ድርጅት ቻናል ላይ ከነጽሑፉ በነጻ ጨርሼው ነበር እኮ! ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ድርጅቱ ሁለቱን ልጆች ለየና ለየብቻ ሌላ ሌላ ጥንድ አደረጋቸው። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ አንደኛው በአዲሱ ድራማው የተሻለ እንደሚተውን ሳይ ደግሞ አፈርኩ፣ ለካ እኔ ነኝ ያሰርኩት።

4. የድራማ ማሳያ አፕ ላይ የምትከፍዪ ከሆነ በወር በወር ክፈዪ፣ የዓመቱን አትንኪ። አንዳንዱ ድራማ እዚህ ጀርመን አይከፈትም፣ ይሄን የሚነግሩሽ ከከፈልሽ በኋላ ነው።

ቦክሱን የግድ ካልሽ እኔ ጋ አለ፣ ፕላስቲኩ ብቻ ነው የተቀደደው። ሪጅን 3 የሚያነብ ማጫወቻና ታይኛ ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በነጻ ውሰጂው። ፖስተሩን ግን አልሰጥም።